ትሁን አባት የሆነችበት ዓመት

ልጄን ምች መትቷት ጎረቤቴ ዳማከሴ ይዛ መጣች። ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ አሽታ ጭማቂውን ልጅቱ አፍንጫ ላይ ስትጨምቀው ያ ሹል ሽታ ቤቱን ሞላው። ሌላ ሰው ዳማከሴ ሲሸተው ትኩሳትና ራስ ምታት ነው ትዝ የሚለው። እኔን ትዝ የሚለኝ ፍቅር ነው። የራሴ ፍቅር እንኳ አይደለም፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር፣ በአንዲት ንግሥት ዘመን፣ ለመድረክ የተጻፈ የሌሎች ሰዎች ፍቅር ነው። ሳላስበው ሳቅሁ።

"ልጅ ታሞ ይሳቃል?" አለችኝ ጎረቤቴ።

ምን ብዬ ልንገራት።

ዘጠነኛ ክፍል በገባን ዓመት ነው። እኔና ትሁን የአንድ መንደር ሴት ልጆች ነን። መንደራችን ከጅጋ ወዲህ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ስምንተኛን ጅጋ ጨርሰን፣ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ፍኖተ ሰላም መጣንና አንዲት ጠባብ ክፍል አብረን ተከራየን። ግድግዳዋ በጋዜጣ የተለጠፈ ነው፤ ግማሹ ተገልብጦ ስለተለጠፈ አንገቴን አጣምሜ ነበር የማነበው። አርብ ከትምህርት በኋላ በእግራችን ወደ አገር ቤት እንሄዳለን፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንት ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። ስንቅ ማለት ድርቆሽ ነው፣ ቆሎ ነው፣ በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬ ነው። ሐሙስ ሲደርስ ድርቆሹ ያልቅና ቆሎው ብቻ ይቀራል። ሐሙስ ጧት ጧት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የትሁን ቆሎ መቆርጠም ነበር።

ትሁን ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምጿ ግን ወፍራም የሆነ ልጅ ነበረች። ሰው መምሰል ትችልበታለች። የቤት አከራያችንን ትሆናለች፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር ትሆናለች፤ ከሁሉ አብልጣ የምትሆነው ግን አባቷን አያ ስማቸውን ነበር። አያ ስማቸው ከመናገራቸው በፊት ያስላሉ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ፣ ጋቢያቸውን ወደ ግራ ትከሻቸው ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቃል አይመለስም። ትሁን ይህን ስታደርግ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ትራስ እነክስ ነበር።

የእንግሊዝኛ መምህራችን መምህር ሰይድ ይባሉ ነበር፤ የወሎ ሰው ናቸው። ገና ከኮሌጅ መውጣታቸው ነው፤ ኮታቸው ከእሳቸው ይሰፋል። ተማሪ መልስ ሲያገኝ "በረካ ሁን!" ብለው ይመርቁታል፤ ስለዚህም ከኋላቸው "በረካ" እያልን እንጠራቸው ነበር። ከእሳቸው በፊት አብዛኛውን ነገር በአማርኛ ተምረን ስለመጣን፣ ዘጠነኛ ስንገባ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሲሆንብን ግራ ገብቶን ነበር። ያዘኑልን ይመስለኛል። አንድ ቀን አንዲት ስስ መጽሐፍ ይዘው ገቡ።

"ይኸ ተውኔት ነው። በቀላል እንግሊዝኛ አሳጥረው የጻፉት ነው" አሉ። "ግማሽ ዓመቱ ሲዘጋ፣ በወላጆች ቀን፣ እናንተ ታሳዩታላችሁ።"

መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለሆነ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሰሌዳ ላይ ይጽፉልናል፤ እኛ እንገለብጣለን፤ ከዚያ ታሪኩን በአማርኛ ይነግሩናል። አንድ አባት ልጁን ለመረጠላት ሰው ሊድራት ቃል ሰጥቷል። ልጅቱ ግን ሌላ ትወዳለች። አባትየው ገዢው ፊት ያቆማትና "ወይ ታግባ፣ ወይ በአገሩ ሕግ ትሙት" ይላል። ልጅቱ ከምትወደው ልጅ ጋር ጠፍታ ጫካ ትገባለች። ጫካው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ። ንጉሣቸው ከንግሥታቸው ተጣልቶ የአንድ አበባ ጭማቂ ያስመጣል። ጭማቂው የተኛ ሰው ዓይን ላይ ከተንጠባጠበ፣ ያ ሰው ሲነቃ መጀመሪያ ያየውን ይወዳል። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚወድ ይጠፋል። ንግሥቲቱ ራሷ ስትነቃ የምታየው፣ በአስማት የአህያ ራስ የበቀለበትን አንድ ምስኪን ሠራተኛ ነው። ወደደችው።

"እነዚያ የማይታዩት ምንድን ናቸው?" ብለው ጠየቁን መምህር ሰይድ።

"ጋኔን ናቸው" አለ አንዱ።

"ጋኔን እንዲህ አይጫወትም። ዛር ናቸው" አለች ሌላዋ።

ትሁን እጇን አወጣች። "አድባር ናቸው። ትልልቅ ዛፍ ባለበት ሁሉ አድባር አለ።"

"በረካ ሁኚ! እንግዲያው አድባር እንበላቸው" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫካው ለእኔ የእንግሊዝ ጫካ መሆኑ ቀረ። የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ጥድና ወይራ ሆነ። ልጅቱና ወዳጇ ሲጠፉ የማያቸው በዚያ፣ ጉሬዛ በሚዘልበት፣ ረግረጉን ተሻግረው ሲገቡ ነው። የአበባውን ጭማቂ ደግሞ አንድም ሳልጠራጠር አመንኩት። በመንደራችን መስተፋቅር መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ትምህርት ቤት በይፋ ሲያስተምረው ገረመኝ። ግን ያኔ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ወጥቷል እየተባለ ነበርና፣ ይኸም አብሮ የመጣ መሰለኝ።

ቦታ ሲደለደል ወንዶቹ ሁሉ ገዢና ፍቅረኛ መሆን ፈለጉ። አህያ የሚሆን ጠፋ። "ዛሬ አህያ ከሆንኩ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አህያ መሆኔ ነው" አለ አንዱ፤ ልክ ነበር። እኔ እጄን አወጣሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አስቤበት ነው፤ በተውኔቱ ውስጥ እንደ አህያው የተወደደ ማንም የለም። ንግሥት ናት የወደደችው። የአህያውን ራስ የሠራነው ከካርቶንና ከጆንያ ነው፤ ጆሮዎቹን በሽቦ አቆምናቸው፣ አንደኛው ግን ሁልጊዜ ይወድቃል። ጆንያው የቡሬ በርበሬ የነበረበት ስለሆነ አንዴ ካጠለቅሁት በኋላ ዓይኔም አፍንጫዬም ሥራ አያቆሙም ነበር።

አባትየውን መሆንም የፈለገ አልነበረም። መምህር ሰይድ እያንዳንዳችንን እያስነሡ ቃሉን አስነበቡን። ሁሉም እንደ ዳዊት ያነበንበዋል። ትሁን ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። አሳለች። የመምህሩን ማስመሪያ ወለሉ ላይ ተከለች። ነጠላዋን ወደ ግራ ትከሻዋ መለሰች። ከዚያ ተናገረች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ብቻ ነበርኩ የሳቅሁት፤ አያ ስማቸውን እንግሊዝኛ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ አርብ አገር ቤት ስንደርስ ትሁን ቤት እንግዶች ነበሩ። ከሽንዲ በኩል የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። እናቷ ወደ ጓዳ ጠርታ ነገረቻት፤ ልጁ ጥሩ ገበሬ ነው፣ ዘመዶቹ የተከበሩ ናቸው፣ ሰርጉ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ይሆናል። ትሁን እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠበቀችና አባቷ ፊት ቆመች። እኔ በር ላይ ነበርኩ።

"አባየ፣ ትምህርቴስ?"

"ምን ሆነ ትምህርት? አነበብሽ፣ ጻፍሽ።"

"አሥረኛን እንኳ ልጨርስ።"

አሳሉ። ዱላቸውን ተከሉ። ጋቢያቸውን መለሱ። "ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን አጥፌ አገር ይሳቅብኝ?"

ያን ቀን አልሳቅሁም።

አያ ስማቸው ክፉ ሰው አልነበሩም። አንደኛ ክፍል ሳለን፣ ክረምት ወንዝ ሲሞላ፣ ትሁንን በአንድ ትከሻ እኔን በሌላው ተሸክመው የሚያሻግሩን እሳቸው ናቸው። እኔ የሰው ልጅ ሆኜ እንዳላፍር ስሜን እየጠሩ "አንጓች ከበደችኝ፣ ምን ትበያለሽ ልጀ?" እያሉ ያስቁን ነበር። ለዚህ ነው ነገሩ ግራ ያጋባኝ። በመጽሐፉ ያለውን አባት መጥላት ቀላል ነበር፤ እሳቸውን እንዴት አድርጌ እንደምጠላ አላወቅሁም።

እሑድ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ ትሁን መንገዱን ሙሉ ስንቋን ተሸክማ ከፊቴ ሄደች። ዘዴውን ያሰብኩት እኔ ነኝ።

"ጭማቂው!" አልኳት።

"የምን ጭማቂ?"

"ዓይናቸው ላይ እናድርገው። ሲነቁ መጀመሪያ የሚያዩት መጽሐፍ ይሁን። ትምህርት ይወዳሉ።"

ትሁን ልትስቅ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። በእውነቱ ማስረጃ ነበረኝ። መምህር ሰይድ "ያ አበባ እዚህ አይበቅልም፣ ዳማከሴ ይበቃናል" ብለው ለልምምድ ዳማከሴ ነበር የምንጠቀመው። ፍቅረኛ የሆነው ልጅ ዳማከሴ ከተቀባ ወዲህ፣ ልምምድ ካለቀም በኋላ፣ ለዚያችው ልጅ ሸንኮራ እየቆረሰ ሲያካፍላት በዓይኔ አይቻለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ አያ ስማቸው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ምሳ በልተው፣ መደቡ ላይ ጋደም አሉ። ከአጥር ሥር ዳማከሴ ቀጥፈን አሸነው። ትሁን የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ገልጣ ፊታቸው ላይ አነጣጠረች። እኔ ጡጫዬን ጨመቅሁ። አረንጓዴው ጭማቂ የዓይናቸው ቆብ ላይ ወረደ፤ ከዚያም አልፎ ገባ።

"ዓይኔን! ኧረ ዓይኔን!" ብለው ዘለው ተነሡ። ወደ መጽሐፉ አልዞሩም። ብርሃን ፍለጋ ወደ በሩ ዞሩ። በር ላይ ደግሞ አህያቸው አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ ቆማለች። መጀመሪያ ያዩት እሷን ነው።

ፊታቸውን ታጥበው ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። "ምን አድርጋችሁኝ ነው?"

ትሁን መዋሸት አትችልም፤ እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። "መጽሐፉን እንዲወዱልን ነው አያ። ትምህርት ቤት ተምረነው ነው" አልኩ።

"ትምህርት ቤት መስተፋቅር ያስተምራሉ?"

ወደ ውጭ ወጡና የአህያዋን አንገት እያከኩ ብዙ ቆዩ። በእጃቸው ጨው ሲያልሷት አየሁ።

"ሠራ!" አልኩ በሹክሹክታ።

ትሁን እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቀች። "አንቺ ሞኝ፣ አባየ አህያዋን ድሮም ይወዷታል።"

ያን እሑድ ሳንመለስ አደርን፤ በነጋታው አያ ስማቸው ማልደው ከእኛ ጋር ትምህርት ቤት መጡ። መምህር ሰይድ ከክፍል ወጥተው ጎንበስ ብለው ሰላም አሏቸው።

"መምህር፣" አሉ አያ ስማቸው፣ "ልጀን ፊደል ትቁጠር ብየ ሰደድኋት እንጂ ቅጠል ትበጥስ ብየ አልነበረም።"

መምህር ሰይድ ነገሩ ገባቸው፤ ቅጠል በጣሽ ማን እንደሚባል በወሎም ይታወቃል። አልተቆጡም። "አባቴ፣ ቅጠሉ ለጨዋታ ነው። የወላጆች ቀን ደርሷል። መጥተው በዓይንዎ ይዩት። ካልወደዱት ልጅዎ ናት፣ እኔ አልከለክልም።"

"አይቼ እወስዳታለሁ" አሉ አያ ስማቸው። ካልወደድኩት አላሉም።

እንግዲህ ያ ቀን የትሁን የመጨረሻ የትምህርት ቀን መሆኑን አወቅን። እሷ ቦታውን መተው ፈለገች። "እሳቸው ፊት እንዴት እሳቸውን እሆናለሁ?" አለች። መምህር ሰይድ አባቷን እንደምትመስል አያውቁም ነበርና "አንቺ እኮ የእንግሊዝ አባት ነሽ" አሏት። ትሁን ግን የምታውቀው አባት አንድ ብቻ ነው።

በወላጆች ቀን፣ ቅዳሜ ጧት፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ጠረጴዛዎች ገጥመን መድረክ ሠራን፤ አንሶላ ጋረድን። ከየመንደሩ የመጡ ገበሬዎች ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከኋላ ጥላ ዘርግተው። አያ ስማቸው ከፊተኞቹ ጋር ነበሩ። አህያቸውን አጥር ላይ አስረዋታል። ጭነት አልነበራትም። የመጣችው የትሁንን ሳጥንና አንሶላ ጭና ልትመለስ ነው። ትሁንም አይታታለች።

እኔ ተራዬ እስኪደርስ የአህያ ራሴን አጥልቄ ከአንሶላው ጀርባ ቆሜ በዓይኑ ቀዳዳ አያለሁ። ትሁን የጥጥ ጺም ለጥፋ፣ ጋቢ ደርባ፣ ዱላ ይዛ ወጣች። አሳለች። ዱላዋን ተከለች። ጋቢዋን መለሰች። በዚያ ወፍራም ድምጿ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ከመንደራችን የመጡት ሴቶች ሳቃቸውን ለመደበቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲጭኑ አየሁ።

"ሰውየው ምን አለ?" ብለው አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው ጠየቁ።

"ልጄ የመረጥኩላትን ካላገባች በሕጉ ትገደልልኝ አለ" ብለው መምህር ሰይድ ተረጎሙ።

"ኧረ ተው አንተ ሰውየ!"

"ምነው፣ ጡር አይፈራም?"

እኛ አገር ሰው ሲጣላ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ጨዋታነቱን ረስተው ወደ ሽምግልናው ገቡ። ከመካከላቸው አያ ስማቸው ተነሡ። "ይፈቀድልኝ" ብለው ወደ መድረኩ ተጠጉ። ዓይናቸው ትሁን ላይ ነው፤ የሚያዩት ግን ባለ ጺሙን ሰውዬ ነበር።

"አንተ ወንድሜ፣ ልጅ እንዲህ አይጠላም። ምን አድርጋህ ነው ዳኛ ፊት አቁመህ ሞቷን የምትጠይቅ?"

ይኸ በመጽሐፉ የለም። መምህር ሰይድ ስሷን መጽሐፍ ገለበጡ። የትሁን የጥጥ ጺም ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እንደገና አሳለች፤ ይኼኛው ሳል ከጨዋታው አልነበረም። ከዚያ በአማርኛ፣ በአባቷ ድምፅ መለሰች።

"ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን አጥፌ አገር ይሳቅብኝ?"

አያ ስማቸው ባሉበት ቀሩ። ጺሙን አዩት፣ ጋቢውን አዩት፣ ዱላውን የያዘችውን ቀጭን እጅ አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ የሚሄድበት ጠፍቶት ሲንከራተት አየሁ።

ከኋላ፣ ከጥላ ሥር፣ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ። "ቃሉን ስትሰጥ ልጅቱን ጠይቀሃታል?" የጠየቁት በመድረክ ያለውን አባት ነው።

የመለሱት ከታች የቆሙት ናቸው።

"አልጠየቅኋትም" አሉ አያ ስማቸው።

ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ፤ ጨዋታውን የሚያግዙ መስሎት። እሳቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ታቀደው ሄደ፤ ማለት ጥቂት ተበላሽቶ። ንግሥቲቱ ዳማከሴ ተቀብታ ስትነቃ እኔ በጆንያው ውስጥ በበርበሬ ታፍኜ ሳስነጥስ፣ ሕዝቡ ያናፋሁ መሰለው። አጥር ላይ የታሰረችውም አህያ መሰላት መሰለኝ፣ ከዚያ ማዶ ሆና ረዘም አድርጋ መለሰችልኝ። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አያ ስማቸው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ሳቅ ይሁን ሌላ፣ በዚያች ቀዳዳ መለየት አልቻልኩም።

ሁሉም ሲያልቅ ወደ ክፍላችን መጡ። የትሁንን ሳጥን አዩት። አልነኩትም።

"ስንቅ ልትወስዱ አይደል? እንሂድ" አሉ።

አህያዋ ባዶዋን ከፊት፣ እሳቸው ከእሷ ቀጥለው፣ እኛ ከኋላ። ወደ ቡሬ የሚሄዱ የጭነት መኪኖች አቧራ እያለበሱን ያልፋሉ። ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ ሳይዞሩ ተናገሩ።

"ሰኞ ወደ ሽንዲ እሄዳለሁ።"

"ለምን አባየ?"

"ቃሌን ላጥፍ ነዋ።"

ትሁን ቆመች። እኔም ቆምኩ። እሳቸው አልቆሙም። "ይሳቁ። ዛሬስ ስንቱ ስቆብኝ የለም? አልሞትሁም። አሥረኛን ጨርሺ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጠይቄሽ ነው።"

ሮጠን ደረስንባቸው። ጥቂት እንደሄድን አያ ስማቸው ፍጥነታቸውን ቀነሱ።

"ያ ሰውየ መጨረሻው ምን ሆነ?"

"የቱ?"

"አባትየው።"

"ገዢው 'ልጅቱ የወደደችውን ታግባ' ብሎ ፈረደበት" አለች ትሁን።

"እሱስ ምን አለ?"

"ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ የሚናገረው የለውም።"

"ሰርጉ ላይስ?"

እኔና ትሁን ተያየን። ያን ሰርግ ስንት ሳምንት ተለማምደነዋል። ግብዣ አለው፣ ጭፈራ አለው፣ አድባሮቹ ሳይቀሩ መጥተው ቤቱን ይመርቃሉ። አባትየው የት እንደሄደ ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። ትሁን በዚያ ሰዓት ጺሟን አውልቃ የእኔን የወደቀ ጆሮ ነበር የምታቆም።

"ሰርጉ ላይ የለም አባየ።"

"አልተጠራም?"

"አልተጠራም መሰለኝ።"

አያ ስማቸው ጥቂት ተራመዱ።

"መጥራት ነበረባቸው" አሉ።

ትሁን ከእኔ ተነጥላ ሄደችና ጎናቸው ሆነች። የቀረውን መንገድ አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ፣ እኔ ደግሞ ከኋላቸው ሆኜ ሄድን።